አንጀትን በጋራ መጠበቅ፦ ባክቴሪያዎችና የሰውነት መከላከያ ሥርዓት



ንግግሬን በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። ሰው ከምግቡና ከውኃው ጋር በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በየጊዜው ይውጣል። ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የማይታመመው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ ነጭ የደም ሕዋሳትንና አንቲቦዲዎችን የሚጠቅስ ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው።

ግማሽ መሆኑን ያሳየው የቆየ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማርጆሪ ቦንሆፍ፣ ፊሊፕ ሚለርና ባልደረቦቻቸው ለአይጦች ሳልሞኔላ በአፍ ሰጡ። ከጤነኞቹ አይጦች ግማሾቹን ለመበከል 100,000 ያህል ባክቴሪያዎች አስፈለጉ። አስቀድሞ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የወሰዱትን ለመበከል ግን ከ10 ያነሱ በቂ ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱ የመታው የአይጦቹን ነጭ የደም ሕዋሳት አልነበረም። የመታው በአንጀታቸው ይኖሩ የነበሩትን ባክቴሪያዎች ነበር። ከነርሱ ጋር አንድ ትልቅ የመከላከያ ኃይል አብሮ ሄደ።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው፦ አንጀትን ከበሽታ የሚጠብቁት ነባር ባክቴሪያዎችና የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በጋራ ናቸው፤ አንዱ ሲጎዳ የሌላውም ሥራ ይጓደላል።

አስቀድመን የባክቴሪያዎቹን ድርሻ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ስሌት መሠረት በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም በትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው መሣሪያቸው ስፍራውን መያዝ ነው። ጦም ያደረ መሬትን አረም እንደሚወርሰው ሁሉ፣ ባዶ የሆነ አንጀትም ለመጤው ይመቻል። ነባሮቹ ስኳሩን፣ አሚኖ አሲዱንና ብረቱን ቀድመው ስለሚጠቀሙበት ለመጤው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለተኛው መሣሪያቸው የሚያመርቱት ኬሚካል ነው። ከምግባችን ውስጥ እኛ መፍጨት የማንችለውን አሰር አብላልተው ወደ አጫጭር የስብ አሲዶች ይለውጡታል፤ እነዚህም የብዙ በሽታ አምጪዎችን ዕድገት ይገታሉ። ጉበት የሚያመርተውን የሐሞት አሲድም አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ዓይነት ይለውጡታል፤ የተለወጠው ዓይነት ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለውን አደገኛ ባክቴሪያ እንዳያድግ ያግደዋል።

የመከላከያ ሥርዓቱ ድርሻስ? የአንጀት ግድግዳ የውስጥ ገጽ የተሸፈነው በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ ነው። በዚህ ስስ ሽፋን ላይ ዝልግልግ ፈሳሽ ተነጥፏል። በትልቁ አንጀት ዝልግልጉ ሁለት ንብርብር ሲሆን፣ ወደ ሕዋሳቱ የቀረበው ንብርብር በጤና ጊዜ ከባክቴሪያ የጸዳ ነው ማለት ይቻላል። ሕዋሳቱ ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖችን ወደዚያው ያመነጫሉ። ከዚህም በላይ ኢሚውኖግሎቡሊን ኤ የተባለው አንቲቦዲ አለ። ሰውነታችን ከሁሉም አንቲቦዲዎች አብልጦ የሚያመርተው ይህንን ሲሆን፣ ባክቴሪያዎችን እያጣበቀ ወደ ግድግዳው እንዳይጠጉ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገውም ብግነት ሳይቀሰቅስ ነው። ዓላማው ነባሮቹን መፍጀት ሳይሆን በድንበራቸው ማቆየት ነውና።

እስካሁን ሁለቱን ለየብቻ ገለጽሁ። በእውነቱ ግን አንዱ ሌላውን ይሠራዋል። ከማንኛውም ባክቴሪያ ተነጥለው ያደጉ አይጦች የአንጀታቸው የመከላከያ ክፍሎች ቀጭጨው፣ ኢሚውኖግሎቡሊን ኤም እጅግ አንሶ ይገኛሉ፤ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ክፍሎቹ ይዳብራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የዳን ሊትማን ቡድንና ተባባሪዎቹ ባወጡት ጥናት፣ ከአንጀት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚኖር አንድ ክር መሰል ባክቴሪያ ቲኤች 17 የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት እንደሚያበዛ ታየ። ይህ ባክቴሪያ ያላቸው አይጦች ሲትሮባክተር ሮደንቲየም የተባለውን የአንጀት በሽታ አምጪ የተሻለ ተቋቋሙ። ነባሩ ባክቴሪያ የባለቤቱን ዘብ አሠለጠነ እንደ ማለት ነው።

ሌላው የትስስር ምሳሌ ቡቲሬት ነው። ይህ የስብ አሲድ ለትልቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ዋና ምግባቸው ነው። ሕዋሳቱ ቡቲሬትን ሲያቃጥሉ ኦክስጅን ስለሚጠቀሙ በአንጀት ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን እጅግ አነስተኛ ይሆናል። ይህ ሁኔታ ኦክስጅን ለማይፈልጉት ነባር ባክቴሪያዎች ይስማማል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቡቲሬት አምራቾቹን ሲያጠፋ ግን ኦክስጅን ወደ አንጀቱ ውስጥ ይዘልቃል፤ በኦክስጅን መተንፈስ የሚችለው ሳልሞኔላም ይበለጽጋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የመከላከያ ሥርዓቱ ቁጣ ሁልጊዜ ጥበቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ የአንድሬያስ ቦይምለር ቡድን እንዳሳየው፣ ሳልሞኔላ የሚቀሰቅሰው ብግነት ቴትራታዮኔት የተባለ ውሕድ ያስገኛል፤ ሳልሞኔላም ውሕዱን ለመተንፈሻነት ተጠቅሞ ነባሮቹን ይበልጣል። ጠላት የዘቡን ተኩስ ለራሱ ጥቅም አዋለው ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ መከላከያ የምንለው ኃይለኛውን ሳይሆን ልኩን የሚያውቀውን ነው።

ይህ ሁሉ በሰው ላይም እውነት መሆኑን የክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ሕሙማን ያስተምሩናል። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ነው፤ ደጋግሞም ያገረሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኔዘርላንድስ የተካሄደ ጥናት በሽታው ላገረሸባቸው ሰዎች ከጤነኛ ለጋሽ የተገኘ የዓይነ ምድር ብጥብጥ ሰጠ። ከ16ቱ ሕሙማን 13ቱ በአንድ ጊዜ ሕክምና ዳኑ፤ ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት ግን 4 ነበሩ። የፈወሳቸው ወደ ስፍራው የተመለሰው የባክቴሪያ ማኅበረሰብ ነው። በሌላ በኩል፣ በዚህ ባክቴሪያ መርዝ ላይ አንቲቦዲ በሚገባ ያመረቱ ሕሙማን በሽታው እምብዛም እንደማያገረሽባቸው ታውቋል። ሁለቱም ጠባቂዎች በአንድ በሽተኛ አልጋ ላይ ይታያሉ።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው? ሁለት ነገር ልጥቀስ። አንደኛው ከእንገር ይጀምራል። የእናት ጡት የመጀመሪያ ወተት በኢሚውኖግሎቡሊን ኤ የበለጸገ ነው። በእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጫቸው ስኳሮችም አሉ፤ እነዚህ ለቢፊዶባክቴሪያዎች የተዘጋጁ ምግቦች ናቸው። እናት በአንድ ጉርሻ ሁለቱንም ጠባቂዎች ታስታጥቃለች። በአንዳንድ አካባቢዎቻችን እንገርን አልቦ መድፋትና አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስ ዛሬም አለ። ይህን ልማድ ስንመክርበት እናቶችን ለመውቀስ ሳይሆን የወተቱን ሥራ ለማስረዳት ይሁን።

ሁለተኛው ለተቅማጥ ሁሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የመግዛት ልማድ ነው። የሕፃናት ውኃ መሰል ተቅማጥ በአብዛኛው የሚታከመው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርን በመስጠትና በዚንክ ነው። ደም ለቀላቀለ ተቅማጥ፣ ለታይፎይድ፣ ለጽኑ ኮሌራ መድኃኒቱ ነፍስ ያድናል፤ ሐኪም ሲያዝዘውም በአግባቡ መወሰድ አለበት። ያለ አስፈላጊነቱ ሲወሰድ ግን ዋጋው የመድኃኒቱ መላመድ ብቻ አይደለም። የቺካጎዎቹን አይጦች አስታውሱ፦ 100,000 ወደ 10 የወረደው አጥሩን ያፈረስነው በእጃችን ስለ ነበረ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ መድኃኒት የምታዝዙም ሆናችሁ ምርምር የምታካሂዱ፣ ስለ አንድ ጀርም ስታስቡ የሚያርፍበትን ስፍራና በዚያ የሚኖሩትንም አብራችሁ ጠይቁ።