ከአገጭ ሥር የሚገባው ንፋስ

ከወረታ ወደ ይፋግ ሲወጡ ንፋስ የሚያግድ ነገር የለም። ሜዳው የሩዝ ማሳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ንፋስ ወደ ሰሜን የሚነዳውን ሞተረኛ ከግራ ጎኑ ያገኘዋል። ጋራዥ እየመጡ «ሞተሬ ይጮሃል» ከሚሉኝ ደንበኞች የብዙዎቹ ኢንጅን ጤነኛ ነው። የሚጮኸው ንፋሱ ነው።

እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት እነዳለሁ። ከፊትም ከኋላም መንገዱ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ ፍሪሲዮን ጨብጬ ነዳጅ እለቃለሁ። ጩኸቱ ከኢንጅኑ ጋር አብሮ ዝቅ ካለ ጉዳዩ የኢንጅን ወይም የማርሚታ ነው። እንዳለ ከቀጠለ ደግሞ ወይ ከጎማው ጋር የሚዞረው ካቴናና ኩሽኔታ ነው፣ ወይ ንፋስ። እነዚህን የምለየው በራሴ ነው፦ ጎንበስ፣ ከመቀመጫው ከፍ፣ ዘወር እላለሁ። የኩሽኔታ ድምፅ እንደዚያ ስላልኩ አይለወጥም፤ የንፋስ ግን ወዲያው ይለዋወጣል።

ገበሬዎቹ «ዶክተር» የሚሉት አንድ የከብት ሐኪም ያማሃ ኤጂ 100 ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የፊት ኩሽኔታው ሳይሄድ አልቀረም። ማታ ቤቴ ገብቼም ጆሮዬ ይጮሃል» አለኝ። ጎማውን አንስቼ ባሽከረክረው ምንም የለውም። መሪው ላይ ግን የላስቲክ ንፋስ መከላከያ አስገጥሟል፤ የላይኛው ጠርዝ ልክ ዓይኑ ትይዩ ነው። ጠርዙን አልፎ የሚመጣው አየር እየተናወጠ በቀጥታ ሄልሜቱን ይመታዋል። ብሎኖቹን ፈትተን መከላከያውን ጨርሶ አወረድነውና እስከ ርብ ድልድይ ሄዶ እንዲመለስ ላክሁት። «ቀለል ብሏል፤ ግን አልጠፋም» አለ። ሄልሜቱን ይዤ ግራና ቀኝ ባንቀሳቅሰው ጉንጩን ትቶ ብቻውን ይዞራል፤ ከአገጩ ሥር ጣቶቼ እንደ ልብ ይገባሉ። ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥመን ጫፉን ጃኬቱ ውስጥ ከተትነውና እንደገና ነዳ። ሲመለስ «አሁንስ ካቴናውን እሰማዋለሁ፤ ቅባት ሳይፈልግ አይቀርም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ካቴናው ደርቋል።

የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሄልሜትን ጩኸት በንፋስ ዋሻም በመንገድም ለክተውታል፤ ከምንጮቹ አንዱ ያው ከአገጭ ሥር ያለው ክፍተት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሄልሜት ውስጥ ያለው ድምፅ 90 ዴሲቤልን ይሻገራል። ለጆሮ አያሰጋም የሚባለው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። የጆሮ የውስጥ ህዋሳት አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም፤ የማታው የጆሮ ጩኸት ማስጠንቀቂያ ነው።

ከ80 ወደ 60 ዝቅ ማለት ብቻ 7 ዴሲቤል ገደማ ያወርዳል። ከዚህ የረከሰ መድኃኒት አላውቅም።

ጋቢም የራሱ ነገር አለው። አንገት ሥር የተሸጎጠ ጨርቅ ክፍተቱን ይዘጋል፤ ትከሻ ላይ የተለቀቀ ጋቢ ግን ሲርገበገብ ራሱ ይጮሃል፣ ይባስ ብሎ የኋላ ጎማ ውስጥ ይገባል። ፉጨት ከተሰማ የሄልሜቱ መስታወት በደንብ አልገጠመም ማለት ነው፤ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉ የሚወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ክፍተቱን ለጊዜው በፕላስተር ሸፍኖ መንዳት ቦታውን ያሳያል። ስፖኪዮም እንዲሁ፤ ትንሽ ዘወር ሲያደርጉት ድምፁ ከተለወጠ ተገኘ።

ብዙዎች ጥጥ ይወትፋሉ፤ ጥጥ እምብዛም አይጠቅምም። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግን በደንብ ተጠቅልሎ ከገባ ይሠራል። «ጡሩምባ አያሰማም» የሚሉኝ አሉ። መድፈኛው ንፋሱንም ጡሩምባውንም አብሮ ነው የሚቀንሰው፤ በረጅሙ መንገድ ላይ ሌላውን ድምፅ የሚውጠው ራሱ ንፋሱ ነው። ባጃጅና ከብት ወደሚበዛበት ወደ ይፋግ ገበያ ሲገቡ ግን ፍጥነት ቀንሶ ማውጣት ይሻላል። ንፋሱን ለመሸፈን በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ መክፈት ግን ጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው።

ለሠራተኞቻቸው ሞተር የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ሄልሜቱን ሲገዙ ሁሉንም በአንድ ልክ ያመጡታል። ጫማ ሲሆን ቁጥር ይጠየቃል፤ የራስ ልክ ግን ማንም አይጠይቅም። በሚቀጥለው ግዢ የየሠራተኛውን ራስ በሜትር ለክተው ይመዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ ሄልሜት ጋርም ጆሮ መድፈኛ ይጨምሩ።