የአቃቂ ዳሩ አኻያ

ላፍቶና መካኒሳ ላይ ችግኝ ሳቀርብ፣ የውጭ ዛፍ ፎቶ በስልኩ ይዞ «ይህን ፖፕላር አምጣልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። አይፈረድበትም። የሂማላያ ተራሮች ፖፕላር ቶሎ ያድጋል፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፤ ቀላል እንጨቱ ለሣጥንና ለክብሪት ይውላል። ጎረቤት ኬንያም ታና ወንዝ ዳር የራሷ ፖፕላር አላት፤ ግንዱ እየተፈለፈለ ታንኳ ይሠራበታል። እኔ ግን ደንበኛዬን አኻያ ላሳየው ወደ ወንዝ ይዤው እወርዳለሁ።

አኻያ የፖፕላር የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ወንዴና ሴቴ ዛፋቸው ለየብቻ ነው፤ ዘራቸው ጥጥ ለብሶ በነፋስ ይበናል። በልጣጫቸው ሳሊሲን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አለ፤ ባየር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ1899 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው አስፕሪን መነሻው የዚህ ንጥረ ነገር ጥናት ነው። (ቀቅላችሁ ጠጡ አላልኩም!)

ለትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርቻ የምፈልገው ግን ሥሩን ነው። የደቡብ አዲስ አበባ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በላዩ የቆመ የድንጋይ ግንብም አብሮ ይነቃነቃል። የአኻያ ሥር አፈሩን ጠላልፎ ይይዛል፤ ቅርንጫፉ ጎርፍ ሲመጣ ይተኛል፣ ጎርፉ ሲያልፍ ይነሳል።

ዘሩን ለማፍላት አትድከሙ፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ መጋዘን አይችልም። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲጎድል፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ በክንድ ርዝመት ቁረጡ፤ ታችኛውን ጫፍ አሹሉ። እንቡጡ ወደ ላይ መሆኑን አይታችሁ፣ ሁለት ሦስተኛውን እርጥብ አፈር ውስጥ በዚያው ዕለት ቅበሩት። ገልብጦ የሚተክል ሠራተኛ አለና ቆማችሁ እዩ። ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ሥር እንዲይዝ ፍየልና በግ አታስጠጉበት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሥሩ ውኃ ፍለጋ የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ይገባልና ከቤት አርቁት። የአኻያ ቅጠል ጥሩ መኖ ቢሆንም፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ ዳር የበቀለውን ለከብት አትጨዱ፤ የዛፉ ወገን እንደ ካድሚየም ያሉ ብረቶችን ከአፈር ስቦ ቅጠሉ ላይ ያከማቻል።

የወንዝ ዳር ሥራ የያዛችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው የችግኝ ዝርዝራችሁ ላይ ከጌጥ ዛፎቹ በፊት አኻያን ጻፉልኝ።