ከሜክሲኮ ከተማ አስፋልት ሥር የተቀበረው ዕዳ

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከተማ እምብርት፣ የጓቴማላና የአርጀንቲና ጎዳናዎች በሚገናኙበት ጥግ፣ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ገመድ ሊቀብሩ ሲቆፍሩ ዶማቸው የተቀረጸ ድንጋይ ነካ። አፈሩ ተጠርጎ ሲያልቅ ወርዱ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ፣ ስምንት ቶን ገደማ የሚመዝን ክብ ድንጋይ ወጣ። የተቀረጸችበት ሴት ራሷ፣ ክንዶቿና እግሮቿ ከገላዋ ተቆርጠዋል። ጉንጯ ላይ ቃጭል፣ ወገቧ ላይ የእባብ መቀነት አለ። ኮዮልሻውኪ ነበረች።

በአዝቴኮች ትረካ፣ እናቷ ኮአትሊኩዌ በኮአቴፔክ ተራራ ላይ ስትጠርግ ከሰማይ የወደቀ የላባ ድብልብል አንስታ ጉያዋ ውስጥ ትሸጉጣለች፤ በዚያው ትፀንሳለች። ልጇ ኮዮልሻውኪ ‹‹አዋረደችን›› ብላ አራት መቶ ወንድሞቿን አስከትላ እናቷን ልትገድል ትዘምታለች። ያን ጊዜ የጦርነትና የፀሐይ አምላክ የሆነው ዊትዚሎፖችትሊ ከነትጥቁ ይወለድና እኅቱን ቆራርጦ ከተራራው ቁልቁል ይወረውራታል። ድንጋዩ የተገኘውም በዚሁ አምላክ መቅደስ ደረጃ ግርጌ ነው። መቅደሱ የቆመበት ፒራሚድ ኮአቴፔክን መስሎ የተሠራ ነበር፤ ከላይ በመሥዋዕት ድንጋይ ላይ የታረደው ምርኮኛ ሬሳ በደረጃው ተንከባሎ ወደ እሷ ይወርዳል። ካህናቱ ትረካውን የሚደግሙት በሰው ሥጋ ነበር።

ፕሬዚዳንት ሆሴ ሎፔስ ፖርቲዮ ቦታው እንዲቆፈር አዘዙ፤ 13 ሕንጻዎች ፈረሱ፤ ሥራውን አርኪዮሎጂስቱ ኤድዋርዶ ማቶስ ሞክቴሱማ መሩት። ከሥር የታየው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ ሌላውን የሸፈነ ሰባት ቤተ መቅደስ ነው። ነገሥታቱ አሮጌውን ሳያፈርሱ በላዩ ይገነቡ ነበር፤ ክብር ፈልገው፣ ደግሞም ከሥሩ ያለው የሐይቅ ጭቃ ሕንጻውን እየዋጠ ስላስቸገራቸው። ስፔኖች የአዝቴኮችን ከተማ በ1521 ሲይዙ የመጨረሻውን አፈራረሱ። በ1390 ገደማ የተሠራው ሁለተኛው ግን ከውስጥ ተሸሽጎ ስለነበር ከነግድግዳው፣ ከነቀለሙ ተርፏል።

በፒራሚዱ አናት ላይ የነበሩት መቅደሶች ሁለት ናቸው፦ በደቡብ የዊትዚሎፖችትሊ፣ በሰሜን የዝናብ አምላክ የትላሎክ። ከተማዋ የምትኖረውም በሁለት ነገር ነበር፤ በጦርነት ከሚሰበሰብ ግብርና ከበቆሎ ማሳ። ሰው ስለ አዝቴኮች ሲያወራ የጦርነቱን ወገን ብቻ ያነሳል። ለእኔ ይበልጥ የሚከብደው ግን የዝናቡ ወገን ነው። በዚያ በኩል፣ መባ ቁጥር 48 ተብሎ በተመዘገበው የድንጋይ ሣጥን ውስጥ የ42 ሕፃናት አጽም ተገኝቷል። ባሕር አሸዋ ላይ ተጋድመዋል፤ የአንዳንዶቹ አፍ ውስጥ አረንጓዴ የድንጋይ ዶቃ አለ። ተመራማሪዎች በ1454 ከነበረው ጽኑ ድርቅ ጋር ያያይዙታል። ሰማዩ ሲዘጋ የሚሰጡት ከሁሉ የሚወዱትን ነበር ማለት ነው። ይህን ‹‹ባህላቸው ነው›› ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ‹‹አረመኔዎች ነበሩ›› ብሎ መዝጋትም ምንም አያስረዳም።

በእምነታቸው ፀሐይ መንቀሳቀስ የጀመረችው አማልክት ራሳቸውን ስለሠዉ ነው። የሰው ልጅ ዕዳ አለበት፤ ካልከፈለ ፀሐይ ትቆማለች፣ ዝናብ ይቀራል። የሚከፈለውም ደም ብቻ አልነበረም። በ2006 ትላልቴኩትሊ የተባለችው የምድር አምላክ 12 ቶን የሚመዝን ምስል ተገኘ፤ ከሥሩ በተከፈተው አንድ መባ ብቻ ከ12,000 በላይ ዕቃዎች ወጥተዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ዛጎል፣ ኮራልና ዓሣ በሰው ጀርባ ተጭኖ መጥቷል። ካህናቱ በፒራሚዱ ግርጌ ባሕርን ራሱን ይሠሩ ነበር፤ በሥርዓት፣ በንብርብር።

የሞቱት ስንት ናቸው? መነኩሴው ዲዬጎ ዱራን፣ በ1487 ንጉሥ አዊትሶትል ቤተ መቅደሱን ሲያስመርቅ 80,400 ሰዎች እንደተሠዉ ጽፏል። ከዚህ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነገር ከመሬት አልወጣም። በዚህ ተነሥተው ግድያው ሁሉ የስፔኖች ፈጠራ ነው የሚሉ አሉ። ከ2015 ጀምሮ በጓቴማላ ጎዳና ቁጥር 24 ቤት ሥር የተቆፈረው ከራስ ቅል የተገነባ ግንብ ግን ይህንንም ዘጋው፤ ከ600 በላይ ራስ ቅሎች ተቆጥረውበታል። የሴቶችና የሕፃናትም አሉበት፤ የሚሠዉት ምርኮኛ ጦረኞች ብቻ ናቸው የሚለው የቆየ ግምትም አብሮ ወደቀ።

ፖለቲከኞች ለዚህ ሁሉ ጊዜ የላቸውም። በ2021 መንግሥት የቤተ መቅደሱን ግዙፍ አምሳያ በዋናው አደባባይ አቆመ፤ የከተማዋን 700ኛ ዓመትም አከበረ። የታሪክ ምሁራን ‹‹ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1325 ነው›› ቢሉም የሚሰማ አልተገኘም። በ2025 ያው ገዥ ፓርቲ 700ኛውን ዓመት እንደገና አከበረ። አደባባይ ላይ የቆመው የሚያኮራው ፒራሚድ ነበር፤ የእነዚያ 42 ሕፃናት ነገር ግን ያለ እነሱ የማይሟላ የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው።

ቤተ መቅደሱን የከበበው ቅዱስ ቅጥር ሰባት ብሎክ ያህል ይሸፍናል፤ አብዛኛው በካቴድራሉ፣ በሱቆችና በመኖሪያ ቤቶች ሥር ነው። ከ1991 ጀምሮ የሚሠራው የከተማ አርኪዮሎጂ ፕሮግራም ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ መግባት የሚችሉት አንድ ባለቤት መሠረት ሊያድስ ወይም ቧንቧ ሊቀይር ሲነሣ ነው። የራስ ቅሉን ግንብም ያገኙት በአንድ አሮጌ ቤት እድሳት ምክንያት ነው። የትላልቴኩትሊ ጥፍር ላይ አዊትሶትል የሞተበትን 1502ን የሚያመለክት የዓመት ምልክት ተቀርጿል፤ በዚህም ምክንያት የንጉሡ አመድ በአቅራቢያው መኖሩን ተስፋ አድርገው እየፈለጉ ነው። የከርሰ ምድሩን ውኃ በፓምፕ እያወጡ፣ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ በብሩሽ።