ከደስታ ቤት እስከ ምክር ቤት

የአንደሉስ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የግራናዳው አል-ሐምራ ነው። ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በሰሜን ስፔን፣ በዛራጎዛ ከተማ የተሠራውን አል-ጀዕፈሪያን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ስለ እርሱ እንጨዋወት። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ያስገነባው በ11ኛው ምዕተ ዓመት የከተማይቱ ገዥ የነበረው አቡ ጀዕፈር አል-ሙቅተዲር ነው። የቤተ መንግሥቱ ስም የተገኘውም ከኩንያው ነው። እርሱ ግን «ቀስር አል-ሱሩር»፣ የደስታ ቤተ መንግሥት ይለው ነበር። ከአዳራሹ አጠገብ ስምንት ማዕዘን ያላት ትንሽ መስጊድ አለች። ሚህራቧ ዛሬም በቦታው ነው።

በ1118 ቀዳማዊ አልፎንሶ ዛራጎዛን ሲይዝ ግንቡን አላፈረሰውም፤ የአራጎን ነገሥታት መኖሪያ ሆነ። ውበቱ አዳነው ማለት ይቻላል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ፈርዲናንድና ኢሳቤላ በላዩ አዲስ ቤተ መንግሥት አሠሩበት። የሚገርመው የግንባታው ኃላፊ ፈራጅ ደ ጋሊ የሚባል ሙስሊም ባለሙያ መሆኑ ነው! በወርቅ ያጌጠው የዙፋን አዳራሽ ጣሪያ የተጠናቀቀው በ1492፣ ግራናዳ በወደቀችበት ዓመት ነው።

በዚያው ዘመን ኢንኩዊዚሽን የሚባለው የሃይማኖት ችሎት ከነእስር ቤቱ እዚያው ግቢ ገብቶ ነበር። በ1526 የአራጎን ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ በስውር ሰገዳችሁ፣ ረመዷንን ጾማችሁ ተብለው የተከሰሱ ሰዎች የሚቀርቡት ወደዚህ ችሎት ነበር። ሚህራቡና ወህኒው በአንድ አጥር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። በ1610 የእነዚያ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ከአራጎን ተባረሩ።

ከ1593 ጀምሮ ዳግማዊ ፊሊፕ ግቢውን ምሽግ አደረገው፤ በኋላም የወታደር ሰፈር ሆነ። ያን ጊዜ ብዙ ጌጥ ጠፋ፤ ከቅስቶቹም አንዳንዶቹ ተነቅለው ወደ ማድሪድና ወደ ዛራጎዛ ሙዚየሞች ተወሰዱ።

በ1947 አርክቴክቱ ፍራንሲስኮ ኢኚጌዝ እድሳቱን ጀመረ። ለረጅም ዓመታት የወታደሩን ግድግዳ እያስወገደ የጥንቱን አወጣ፤ በጎደለው ቅስት ምትክም ቅጂ ተተካ። ስለዚህ ዛሬ በግቢው የሚታየው ሁሉ የአል-ሙቅተዲር ዘመን ሥራ አይደለም። ይህን ለጎብኚ በግልጽ መንገር ይገባል እንላለን።

ከ1987 ጀምሮ የአራጎን ክልል ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚሁ ነው። በ2001 ከአካባቢው ሌሎች ሕንፃዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ትንሿ መስጊድ ለጎብኚ ክፍት ናት፤ ሰላት ግን አይሰገድባትም።