ቲቢን የምትመረምረው ባለ 27 መስመር ቁራጭ

መርሳ ከተማ ሳል ከያዘው ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ አክታ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ቲቢ መሆኑ ከታወቀ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶ ይሆን? ቀድሞ ይህን ለማወቅ ጀርሙን ቤተ ሙከራ ውስጥ አራብቶ መድኃኒት ማቅመስ ግድ ነበር፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 (እ.ኤ.አ.) የተቀበለው የፕሮብ ምርመራ ግን በአንድ ሁለት ቀን ይደርሳል።

ከእነዚህ ምርመራዎች ታዋቂው ጂኖታይፕ ኤምቲቢዲአር ፕላስ ነው። አንዲት ስስ ቁራጭ ላይ 27 መስመሮች በተርታ አሉ፤ 6ቱ መቆጣጠሪያ ናቸው። በቀሩት ላይ ፕሮቦች፣ ማለትም አቻቸውን የሚጠብቁ አጫጭር ዲኤንኤዎች ተተክለዋል።

ተከላው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፕሮብ የሚተከልበት ገጽ ለምሳሌ ፕላስቲክ ቢሆን፣ ዲኤንኤ ውሃ ይወዳል፣ ፕላስቲክ ግን ውሃ ይገፋል። እንዲሁ ቢንጠባጠብበት በእጥበት ተጠርጎ ይሄዳል። ፕሮብ ፕላስቲክ ላይ የሚደረድሩ ባለሙያዎች ስለዚህ ገጹን በኦክስጅን ፕላዝማ ያክሙታል፤ አለዚያም በፕሮቡ ጫፍ የታይሚን ጅራት ቀጥለው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያጣብቁታል። መላ አካሉ ከተለጠፈም አይረባም፤ በካስማ እንደታሰረ ጥጃ ባንድ ጫፉ ተይዞ ሌላው መንቀሳቀስ አለበት።

ከአክታው የወጣው የጀርሙ ዲኤንኤ ይባዛል፣ ሁለቱ ዘንጎች ይለያያሉ፣ ቁራጯ ላይ ይፈስሳል። አቻውን ያገኘ ይያዛል፤ ያላገኘው ይታጠባል። ቀለም ሲጨመር የያዘው መስመር ይጠቁራል። ረቂቅነቱን ሪፋምፒሲን በተባለው የቲቢ መድኃኒት እንይ። አርፖቢ በተባለው ዘረመል ቦታ 531 ላይ ቲሲጂ የነበረው ቲቲጂ ከሆነ፣ በአንዲት ፊደል ለውጥ ብቻ መድኃኒቱ ይከሽፋል። ያኔ የጤነኛው፣ ማለትም ያልተለወጠው ዘረመል መስመር ይጠፋል፤ የተለወጠው ይወጣል። ለእኔ የሚገርመኝ የጠፋው ነው፤ ለውጡ ፕሮብ ያልተተከለለት ዓይነት ቢሆን እንኳ የጤነኛው መስመር አለመውጣት ያጋልጠዋል።

ምርመራው ግን የጤና ጣቢያ ሥራ አይደለም። የተባዛው ዲኤንኤ ሌላውን ናሙና እንዳይበክል የተለያዩ ክፍሎች ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባሉ ሪፈራል ቤተ ሙከራዎች ይሠራል፤ አክታው ቅዝቃዜው ተጠብቆ፣ በፖስታ ጭምር ይጓዛል። አቅራቢያ የሚገኘው ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ጀርሙ ሪፋምፒሲንን መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይፈትሻል፤ ቁራጯ ሌላውን የቲቢ መድኃኒት፣ አይሶናያዚድንም ትጨምራለች።

ሳላችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ አክታ ስጡ። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ሕክምና በነጻ ነው።