የዴልሮይ ሊንዶ አባቶች

የቪዲዮ ቤት ዘመን ልጆች «ጎን ኢን ሲክስቲ ሰከንድስ»ን እና «ሮሚዮ መስት ዳይ»ን አይረሷቸውም። ሁለቱም የወጡት በ2000 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያው ፊልም ኒኮላስ ኬጅን እግር በእግር የሚከታተለው መርማሪ ፖሊስና በሁለተኛው የዘፋኟ የአሊያ አባት ሆኖ የኦክላንድን የወደብ ዳርቻ መሬት ለመጠቅለል የሚሯሯጠው ባለሀብት አንድ ሰው ናቸው። ፊቱን ያላየ የለም። ስሙ ሲጠየቅ ግን መልሱ «እንዴ፣ ያ ረጅሙ፣ ድምፀ ወፍራሙ ሰውዬ?» ነው።

ሰውዬው ዴልሮይ ሊንዶ ይባላል። በ1952 ለንደን ውስጥ ሉዊሻም ከጃማይካውያን ቤተሰብ ተወለደ፤ በጉርምስናው ወደ ካናዳ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረና ሳን ፍራንሲስኮ ትያትር ተማረ። ሲኒማው በደንብ ሳያውቀው በፊት በኦገስት ዊልሰን ተውኔት ብሮድዌይ ላይ ተጫውቶ በ1988 ለቶኒ ሽልማት ታጭቷል።

ምርጥ ፊልሙ የቱ ነው የሚለው ክርክር ሲነሳ ብዙው ሰው ወደ «ዳ ፋይቭ ብለድስ» ይሮጣል። በ2020 በኔትፍሊክስ በወጣው በዚህ የስፓይክ ሊ ፊልም ሊንዶ ፖል የተባለ የቬትናም ዘማች ነው። የወደቀ አለቃቸውን አጽምና ቀብረውት የሄዱትን ወርቅ ፍለጋ ከጦር ጓዶቹ ጋር ወደ ቬትናም ይመለሳል፤ ራሱ ላይ የትራምፕ ደጋፊዎችን ቀይ ቆብ ደፍቷል። ሊንዶ ገጸ ባህርይው የትራምፕ ደጋፊ መሆኑን መጀመሪያ አልወደደውም፤ ዳይሬክተሩን ሐሳቡን እንዲቀይር ጠይቆት ነበር፣ አልሆነለትም። እንኳንም አልሆነለት! ከጓዶቹ ተነጥሎ ጫካ ለጫካ እየሄደ ካሜራውን ዓይን ለዓይን እያየ የሚለፈልፍበት ትዕይንት፣ ያ ቆብ ባይኖር ግማሽ ጉልበቱን ያጣ ነበር።

የኒው ዮርክ የፊልም ሐያስያን ማኅበርም ሆነ ብሔራዊው የፊልም ሐያስያን ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ አሉት። በ2021 የኦስካር ዕጩዎች ዝርዝር ላይ ግን ስሙ አልነበረም። ክርክሩን የሚያዛባውም ይኸው ይመስላል፤ ተበደለ የተባለ ሰው ፊልሙም አብሮ ይገዝፋል። ፖል ትልቅ ሚና ነው፣ ማንም አይክድም። ነገር ግን ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ተመልካቹ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው የተወለት ነገር ጥቂት ነው።

ፊልሞቹ ተደርድረው ሲታዩ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሊንዶ ከፍ የሚለው አባት ሲሆን ነው፤ ደግ አባት፣ የተበላሸ አባት፣ ወይም አባት ነኝ ባይ። ፖልም ቢሆን ልጁ ተከትሎት ቬትናም ድረስ ባይመጣ ኖሮ ተራ ቁጡ ሰው ሆኖ ይቀር ነበር።

ከእነዚህ አባቶች በጣም የሚከብደው የ«ዘ ሳይደር ሃውስ ሩልስ» (1999) ሚስተር ሮዝ ነው። ሜይን ውስጥ የፖም ለቃሚዎች አለቃ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የሠራተኞቹን ክብር የሚጠብቅ ሰው። ቆይቶ ሴት ልጁን ያስረገዘው እሱ ራሱ መሆኑ ይታወቃል። ልጅቷ ወግታው ስታመልጥ እሱ እየሞተ ራሴን ነው የወጋሁት በሉ ይላል። ሊንዶ በዚህ ትዕይንት ይቅርታ አይለምንም፣ አያለቅስምም፤ ተመልካቹ ሊያዝንለት ሲል ራሱን ይታዘባል። ለዚያ ፊልም በረዳት ተዋናይ ኦስካር የወሰደው ማይክል ኬን ነው። መልካም ተጫውቷል፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የማይለቀን ግን የሊንዶ ፊት ነው።

«ክሩክሊን» (1994) ተቃራኒው ነው። ስፓይክ ሊ ከእህቱና ከወንድሙ ጋር የልጅነታቸውን ብሩክሊን እያስታወሱ የጻፉት ታሪክ ሲሆን፣ የሊንዶ ዉዲ የራሱን ሙዚቃ እንጂ ሌላ አልጫወትም የሚል የጃዝ ሰው ነው። ሚስቱ አስተምራ አምስት ልጆች ታሳድጋለች፤ መብራት ተቆርጦ ቤቱ በሻማ ያመሻል። ዉዲን ጠልቶ መገላገል ቀላል ነበር። ሊንዶ ግን ልጆቹ ሲያዩት ፊታቸው ለምን እንደሚበራ አሳምሮ ስለሚያሳየን፣ ከሚስቱ ጋር በገንዘብ ሲጣላ ለማን እንደምንወግን ግራ ይገባናል።

የዚህ ጽሑፍ ድምፅ ግን ለ«ክሎከርስ» (1995) ነው።

የሊንዶ ሮድኒ ሊትል ብሩክሊን ውስጥ ሱቅ ያለው፣ በጓሮ ግን በሰፈሩ ጎረምሶች ዕፅ የሚያስቸረችር ሰው ነው። ስትራይክ ከነዚህ ልጆች አንዱ ነው፤ ጨጓራው እየደማ የቸኮሌት ወተት የሚጠጣ፣ የአሻንጉሊት ባቡር የሚሰበስብ ልጅ። ሮድኒ እንደ ልጄ ነው የማይህ ይለዋል፣ ይመክረዋል፣ በመኪናው ይዞት ይዞራል። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ እየሰረቀኝ ነው ብሎ ያዝናል። ድምፁ አይጨምርም፤ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሳይወጣው ልጁ ሰው መግደል እንዳለበት ይገባዋል። በኋላ እዚያው መኪና ውስጥ የሽጉጥ አፈሙዝ ስትራይክ አፍ ውስጥ ሲከት እንኳ ያ የአባትነት ቃና ከድምፁ አይጠፋም። የሚያስፈራውም ይሄ ነው። ፍቅሩ የውሸት ቢሆን ልጁ ያመልጥ ነበር፤ ሊንዶ ግን ሮድኒ ልጁን የምር እንደሚወደው አድርጎ ነው የተጫወተው።

«ማልኮልም ኤክስ»ን (1992) የሚያስቀድሙ አሉ፤ አያሳፍርም። የሊንዶ ዌስት ኢንዲያን አርቺ የቁማር ቁጥሮቹን ያለ ወረቀት በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር ሽቅርቅር ነው፤ ማልኮልም በኋላ ሲያገኘው በሽታ አድቅቆት ክፍል ውስጥ ወድቋል። ሚናው ግን አጭር ነው። «ጌት ሾርቲ» ያስቃል፤ ከጂን ሃክማን ጋር የሠራው «ሂስት»ም ለዴቪድ ማሜት ንግግር ሲባል መታየት አለበት፤ ለአንደኝነት ግን አይበቁም።

አሁን ክርክሩን እንደገና ያመሰው የ2025ቱ «ሲነርስ» ነው። ሊንዶ የ1932ቱ ሚሲሲፒ ሰካራም የብሉዝ ሙዚቀኛ ዴልታ ስሊም ሆኖ፣ በነጮች ተሰቅሎ ስለተገደለ ጓደኛው መኪና ውስጥ ያወራል። ታሪኩ ማለቂያው ላይ ቃል ያጥረውና ወደ ማንጎራጎር ይሻገራል። እዚያ አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ጊታረኛ ልጁ አይደለም፤ ሊንዶ ግን ለልጁ እንደሚያወርስ ሰው ነው የሚያወራው። «ክሎከርስ»ን ካየ በኋላ አሁንም አንደኛው «ዳ ፋይቭ ብለድስ» ነው የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር፤ ሁለተኛነትን ለ«ሲነርስ» ልስጥ ለሚል ግን ብዙ መከራከሪያ አይገኝም።