ቆቃ ላይ መንጠቆው ባዶ ሲመለስ፦ ዓሣው አልቋል ወይስ ነቅቷል?

ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው ጎዳና የሚያልፍ መንገደኛ ቆቃ ሲደርስ ስለ ዓሣ ሳያስብ አያልፍም። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ሲበዛ ደግሞ የሐይቁ ዳር በዚያው ልክ ይጣበባል። መረብ ጣዩ፣ ባለ ጀልባውና በአንድ ክርና መንጠቆ ዕለቱን የሚገፋው ወጣት በአንድ ውኃ ላይ ይጋፋሉ። እምቦጭ ዳሩን በሸፈነበት ጊዜ ክር የሚጣልበት ክፍት ቦታ ይበልጥ ያንሳል። መንጠቆ የጣለ ሁሉ የሚያሰማው ምሬትም ይታወቃል፤ ዓሣው ማባበያውን አይነካም።

ይህ ምሬት ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ዓሣው በቁጥር ተመናምኖ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ዓሣው አለ፤ ነገር ግን መንጠቆን መጠርጠር ጀምሯል። ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። የነቃ ዓሣ ያስቸገረው አስጋሪ ውኃው ባዶ መስሎት ቀዳዳው ወደ ጠበበ መረብ ከዞረ፣ የሚያወጣው ገና ለመራባት ያልደረሰውን ጫጩት ነውና።

ቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። የአዋሽ ወንዝ ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሲገደብ የተፈጠረ ሲሆን፣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫና ካርፕ ይገኙበታል። ከላይኛው ተፋሰስ ታጥቦ የሚመጣው ደለል ውኃውን አደፍርሶታል። ይህ ድፍርስነት ዓሣው በምን እንደሚነቃ ለመረዳት ቁልፍ በመሆኑ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የዓሣን ጥርጣሬ በሙከራ ካረጋገጡት ጥናቶች መካከል በሆላንዳዊው ተመራማሪ ቦይኬማ የተካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1970 የታተሙት ይጠቀሳሉ። በኩሬ ውስጥ የነበሩ ካርፖች በመንጠቆ ተይዘው ሲለቀቁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተያዙትም እንኳ ከዚያ በኋላ በቀላሉ የማይያዙ ሆኑ፤ ጥንቃቄያቸውም እስከ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። ያው ተመራማሪ ፓይክ በተባለው አዳኝ ዓሣ ላይ ያየው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ፓይኩ የሚያብለጨልጨውን የብረት ማባበያ ከአንድ መያዝ በኋላ ሲሸሽ፣ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ የተሰካበትን መንጠቆ ግን መንካቱን ቀጠለ። ከዚህ እንደሚታየው ያ ዓሣ የፈራው የተታለለበትን ነገር እንጂ ምግቡን አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ ቆቃ ላይ የተያዘ ዓሣ መጨረሻው መጥበሻ እንጂ ውኃ አይደለም። ስለዚህ የአውሮፓውን ልምድ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ሆኖም ክር በጥሶ ያመለጠ፣ ከመንጠቆ ተላቆ የተረፈ ዓሣ በየዕለቱ አለ። ሌላም መንገድ አለ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ባስ በተባለ ዓሣ ላይ ለበርካታ ትውልዶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ በመንጠቆ በቀላሉ የመያዝ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አሳይቷል። ደፋሩ እየተለቀመ ሲወጣ ዘር የሚተካው ፈሪው ነው ማለት ነው።

በአገራችን የዓሣን ንቃት በግልጽ የሚያሳየው ሥፍራ ባሌ ነው። በዲንሾ አካባቢ ባሉት የወይብና የዳንቃ ወንዞች ከኬንያ የመጣው ትራውት ይኖራል። ይህን ዓሣ ለመያዝ በላባና በክር የተሠራ፣ ዝንብ የሚመስል ማባበያ በረጅም ዘንግ ይወረወራል። ውኃው ጥርት ያለ በመሆኑ አጥማጁ ጎንበስ ብሎ፣ ጥላውን ከወንዙ አርቆ ነው የሚጠጋው። ዓሣ ከውኃ በላይ ያለውን ዓለም የሚያየው ከራሱ በላይ በተከፈተ፣ ወደ 97 ዲግሪ ስፋት ባለው ክብ መስኮት በኩል ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በመስኮቱ ውስጥ ይገባል፤ ዝቅ ያለ ሰው ግን ጠርዙ ላይ ተጨፍልቆ ይደበዝዛል።

በድፍርሱ ቆቃ ግን ዓይን ያን ያህል ሩቅ አያይም። እዚህ ዓሣውን የሚያስጠነቅቀው ሌላ ነው። ከስንጥቡ አንሥቶ እስከ ጅራቱ በጎኑ የሚዘልቀው የስሜት መስመር የውኃን እንቅስቃሴ ይለያል። ካርፕና አምባዛ ደግሞ የአየር ከረጢታቸውን ከውስጥ ጆሯቸው ጋር የሚያገናኙ ጥቃቅን አጥንቶች ስላሏቸው መስማት ከሚችሉት ዓሦች ተርታ በግንባር ቀደምትነት ይመደባሉ። በዳር ላይ የሚረግጥ እግር፣ ከጀልባ ወለል ጋር የሚጋጭ መቅዘፊያ፣ በየደቂቃው እየተጎተተ የሚወረወር ክር ሁሉ ይሰማቸዋል። አሥር ሰው ጎን ለጎን በቆመበት ዳር ላይ የመጨረሻው መጪ የሚያገኘው ቀድሞ የሸሸ ዓሣ ነው።

እናም በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ከጎረቤቱ ራቅ ቢል፣ ዳሩን ቀስ ብሎ ቢጠጋ፣ ቀጭን ክርና አነስተኛ መንጠቆ ቢጠቀም፣ ሁሉም ትል በሚጥልበት ቦታ ሊጥ ቢሞክር የተሻለ ዕድል ይኖረዋል። ንፋስ ውኃውን ሲያናውጠው የእግር ኮቴም የክር ጥላም ይሸፈናል። ማለዳ ከሌላው ሰዓት ይመረጣል፤ ሆኖም ሐይቁ የጉማሬ መኖሪያ በመሆኑ ገና ሳይነጋ ሣር ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ለሕይወት ያሰጋል።

ቆሮሶን በተመለከተ ግን ጥርጣሬን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ስሕተት ይሆናል። የአዋቂው ቆሮሶ ዋነኛ ምግብ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቃን ዕፅዋት ናቸው። የቆቃ ውኃ አረንጓዴ በሚሆንበት ወቅት ምግቡ በዙሪያው ስለሆነ ትል የሚፈልግበት ምክንያት አነስተኛ ነው። ያ አረንጓዴ ቀለም መርዝ ሊያመነጩ ከሚችሉ ረቂቃን ተሕዋስያን የሚመጣ መሆኑ ደግሞ ለአስጋሪው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውኃው ሳይጣራ አይጠጣም፤ አፍልቶ መጠጣትም መርዙን አያጠፋውም።

አልቋል ወይስ ነቅቷል የሚለውን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው መረብንና መንጠቆን ማነጻጸር ነው። የቀዳዳው ስፋት ያልተለወጠ መረብ እንደ ቀድሞው ትልልቅ ዓሣ እያወጣ መንጠቆው ብቻ ባዶ ከሆነ፣ ዓሣው አለ። መረቡም መንጠቆውም አብረው ካነሱ፣ የሚወጣውም ዓሣ ከዓመት ዓመት እያጠረ ከሄደ ግን ሐይቁ ከአቅሙ በላይ እየተሰገረ ነው። ለዚህ በየማረፊያው የዓሣውን ርዝመትና ክብደት መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። በባቱ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል የመሰሉ ተቋማት የሚሠሩትም በዚህ ዓይነት መረጃ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቢቆጠርም፣ ማረፊያ ላይ ሆኖ የሚለካ ሰው ከሌለ ጠባብ መረብን መቆጣጠር በወረቀት ላይ ይቀራል።

የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። በዚያ ጊዜ እምብዛም ስለማትመገብ መንጠቆ አታገኛትም። መረብ ግን ያገኛታል፤ ስትያዝም የያዘቻቸውን ከአፏ ትተፋቸዋለች።